ተፈትኖ ያለፈ ብረት

ፖሊሶቹ ሲደርሱ ልጅቷ የብረት ዘንጉን አሁንም በሁለት እጇ ይዛ ነበር። ሦስት ወንዶች የሚያነሱትን ብቻዋን ልታነሳው እንደማትችል ከገባት ቆይቷል፤ መልቀቁ ግን አልሆነላትም። ከዘንጉ ስር አባቷ በግንባሩ ተደፍቷል። ክፍሉን ከሞላው እንፋሎት የተነሳ ፀጉሩ ላይ ያለው ደም እንኳ አልደረቀም።

«ልቀቂው፣ እህቴ» አላት ኢንስፔክተሩ።

«ከለቀቅኩት ይጫነዋል።»

ሳጅኑ ከኋላዋ መጥቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀ። መዳፎቿ በፈላ የጨው ውሃ ተልጠዋል። ስትወጣ አንድ ጊዜ ብቻ ዞራ አየች፤ ወደ አባቷ ሳይሆን ወደ ጣሪያው።

የጨው ክፍል ይሉታል። ጠባብ ነው፤ የመስኮቶቹ መስታወት አልቦታል። በግድግዳው ርዝመት ማሽኖች ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ብረት ተሰቅሏል፤ አንዳንዱ እንደ እርሳስ የቀጠነ፣ አንዳንዱ እንደ አውራ ጣት የወፈረ። ወገቡ በሚፈላ የጨው ውሃ ውስጥ ነው፤ ጫፉን ደግሞ ክብደት ይጎትተዋል። ከበላዩ እንደ ሚዛን ክንድ የተዘረጋ ረዥም ዘንግ አለ። የወደቀው የመጨረሻው ማሽን ዘንግ ነው፣ ከነክብደቱ። ከጣሪያው ወራጅ ጋር ያያዘው ፒን ለሁለት ተከፍሏል፤ ግማሹ ላይ ቀርቷል፣ ግማሹ ወለሉ ላይ ነው።

ኢንስፔክተሩ የወደቀውን ግማሽ በመሀረብ አነሳው። ስብራቱ ቀጥ ያለ ነው። ብረቱ አልተጣመመም፣ አልተለጠጠም።

«የተሰበረ ብረት እንዲህ ይሆናል?» አለ ሳጅኑ በትከሻው ላይ አሻግሮ እያየ። «እኔ የተቆረጠ ነው የሚመስለኝ።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ስር የብረት መጋዝ አወጣ። እጀታው ላይ በቀይ ቀለም «ቶርኖ» የሚል ተጽፎበታል።

«ጌታዬ፣ ይሄ ከምሳ በፊት የሚያልቅ ጉዳይ ነው።»

ኢንስፔክተሩ ስብራቱን እንደገና አገላብጦ አየ። ርቆ ሄዶ በተማረበት ትምህርት ቤት፣ በቀላሉ የተገኘ ነገር ላይ ሁለት ጊዜ ቁም ይሉት ነበር። አገሩ ከተመለሰ ወዲህ ሁለት ጊዜ በቆመበት ሁሉ ሰነፍ ነው ተብሏል። የትኛው ትክክል እንደሆነ ራሱም እርግጠኛ መሆን ትቷል።

*

የቤተ ሙከራው ኃላፊ ነጭ ጋዋኗን እስከ አንገቷ የቆለፈች፣ በዕድሜ የገፋች ዶክተር ናት።

«የሟቹ ሥራ ምን ነበር?»

«መጠበቅ» አለች ዶክተሯ። «ብረት ሰቅሎ እስኪሰነጠቅ መጠበቅ። ሁላችንም የምንሠራው እሱን ነው። ጋሽ ሚዛን ግን ያውቅበታል... ያውቅበት ነበር።»

ጋሽ ሚዛን ያሉት ክብደቱን ሁሉ የሚጭነው እሱ ስለነበረ ነው። ከሥሩ ተምራ አብራው የምትሠራውን ልጁን ደግሞ ትንሿ ሚዛን ይሏታል።

«የሚሰብረው ጨዉ ነው ወይስ ክብደቱ?»

«ጨዉ ብቻውን አይሰብረውም፤ የማይዝግ ብረት ነው። ክብደቱም ብቻውን አይሰብረውም፤ ከሚችለው ግማሹን እንኳ አንጭንበትም። ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ውጭውን ሲያዩት እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ በውስጡ ግን ስንጥቅ ይሄዳል። አንድ ቀን ቀጭ ይላል፤ በቃ።»

«ያ ፒንስ? እንደዚያ ሆኖ ሊሆን አይችልም?»

ዶክተሯ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ፒኑ ከላይ ነው፤ ውሃው አይነካውም። ደግሞ ለፈተና የሚሰቀል ብረት አይደለም፤ የማሽን ሠራተኛችን ቶርኖ ከተራ ብረት የሚሠራልን ወፍራም ነገር ነው። ተራ ብረት ይዝጋል፣ ይበላል፣ ይጣመማል። እንደ ብርጭቆ ለሁለት አይልም።»

«ከሰው ጋር ተጣልቶ ነበር?»

መነጽሯን አውልቃ በጋዋኗ ጫፍ መጥረግ ጀመረች። የጠራ መነጽር ነበር።

«እኔ ተናገረች እንዳይባል...»

«አይባልም።»

«ትናንት ከቶርኖ ጋር። ግቢው በሙሉ ሰምቷል።»

*

ቶርኖን ከማሽኑ ላይ ነው ያነሱት። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲያሽከረክር የኖረ፣ ምላሱም አብሮ የሚሽከረከር ሰው ነው። የሚጠሩት በማሽኑ፣ በቶርኖው ስም ነው፤ እውነተኛ ስሙን ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው የሚያውቀው ይላሉ።

«ተቀመጥ።»

«ቆሜ ነው የምሠራው፤ ቆሜ ልመርመር።»

«ተቀመጥ አልኩህ።»

ተቀመጠ።

«ትናንት ሟቹን ምን አልከው?»

«ብዙ ነገር ነው ያልኩት። የትኛውን ይፈልጋሉ?»

«ስለ ሚዛኑ ያልከውን።»

ቶርኖ አንገቱን አከከ። «አንድ ቀን ያ ሚዛንህ አናትህ ላይ ይወድቃል አልኩት። በንዴት ነው እኮ! እርስዎ ሚስትዎን ተናደው ምንም ብለው አያውቁም?»

«ሚስት የለኝም።»

«እንግዲያ ይሄንን ስሜት አያውቁትም።»

ሳጅኑ ሳቁን በሳል አፈነው።

«ለምን ተጣላችሁ?»

«ለፈተና የሠራሁለትን ናሙናዎች መለሰብኛ! ጭረት አለባቸው ብሎ። ስንጥቁ ከጭረቱ ይነሳና ፈተናው የብረቱ መሆኑ ቀርቶ የቶርኖ ይሆናል ይላል። እውነቱን ነው፣ አልዋሽም። ግን ዓይን የማያየው ጭረት! የለፋሁበትን ሁሉ በሰው ፊት ወለሉ ላይ በተነው። ልጁም አብራ ቆማ አፍንጫዋን ትነፋብኛለች። እሱ አንዴ ቢያጣጥለኝ እሷ ሁለቴ።»

«መጋዝህ ጨው ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ጋሽ ሚዛን ተውሶኝ ነው። የውሃ ጎማ ሊቆርጥበት።»

«እሱን ጠርተን እንጠይቀው እንዴ?» አለ ሳጅኑ።

የቶርኖ ምላስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆመ።

«ከጠቡ በኋላ የት አመሸህ?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ቤቴ።»

ሳጅኑ ቤቱ ሄዶ ሲያንኳኳ በሩን የከፈተችው ሚስቱ ግን ባሏ ምን ብሎ እንደመለሰ አታውቅም። «ሥራ ላይ አይደለም እንዴ? ሁልጊዜም እያመሸ ነው የሚመጣው» አለች። ሳጅኑ መልሷን እያፏጨ ይዞ መጣ። ቶርኖ እስር ክፍል ገባ፤ በሩ ተቆለፈ።

*

ልጅቷ ወደ ጣቢያ የመጣችው ከአጎቷ ጋር ነው። እጆቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል፤ አጎቷ በሩን ከፈተላት፣ ወንበር ሳበላት፣ ከዚያ ምን እንደሚያደርግ ስላላወቀ ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ።

«ያዛችሁት አሉኝ።»

«ገና እያጣራን ነው።»

«ምኑ ይጣራል?» ድምጿ አይጮህም፤ እንደደከመው ሰው ቀስ ብላ ነው የምታወራው። «ፒኑን የቀየርኩት እኔ ነኝ። ጤነኛ እንደነበረ አውቃለሁ።»

ኢንስፔክተሩ ቀና አለ። «መቼ ቀየርሽው?»

«ዝናቡ ከመግባቱ በፊት። የድሮው ተበልቶ ነበር። አባቴ ትከሻውን ያመዋል፤ እጁን ወደ ላይ አያነሳም። መሰላሉን እሱ ያዘልኝ፣ እኔ ወጣሁ።»

«ቶርኖ ነዋ የሠራው?»

«እሱስ ሠርቶ ልኮ ነበር። ውዳቂ ብረት ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ናሙና የሚጭር ሰው ለፒን ይጠነቀቃል? እኔ ያስገባሁት ተፈትኖ ያለፈ ብረት ነው።»

«ያለፈ ስትይ?»

እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው በማየቷ ትንሽ ተገረመች። «ጨው ውስጥ ተሰቅሎ፣ የታዘዘለትን ጊዜ ሁሉ ተጎትቶ ያልተሰበረ። አባቴ እነሱን አይጥልም። መሳቢያው ሙሉ ነው። ምንም ነገር ሲሰበር ከዚያ ነው የምናወጣው። ከፋብሪካ የመጣውን ማን ያውቀዋል፣ ይሄ ግን የተመሰከረለት ነው ይላል። በጨው ተቀቅሎ እምቢ ያለ ብረት፣ ዘንግ ይዞ ቁጭ ባለበት ዝም ብሎ ይሰበራል? ሰው ካልቆረጠው?»

 የጣቢያው አለቃ በኋላ ይህንን ቃል ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና ኢንስፔክተሩን «ጨረስክ እኮ!» አለው። ከዚያ የጠነከረ ማስረጃ በእርግጥም አልነበረም።

ልጅቷ ከመውጣቷ በፊት በፋሻ በተጠቀለለው እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። «እናቴ ምግብ አትቀምስም። ማን እንደሆነ ሳልሰማ አልበላም ብላለች። ቃል ይግቡልኝ።»

«የገደለውን አገኘዋለሁ» አላት።

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ መልሶ ሊውጠው ፈለገ።

*

ቶርኖ አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ ሐሳቡን ቀየረ።

«ቤቴ አልነበርኩም። ከገበያው ጀርባ ካለው ጋራዥ ነው የማመሸው። ትርፍ ሥራ ነው። ዶክተሯ ከሰማች በዚያው ቀን ታሰናብተኛለች፣ ለዚህ ነው የደበቅኩት። ሂዱና ባለ ጋራዡን ጠይቁት!»

ሄዱ። ባለ ጋራዡ በጥርሱ ስንጥር ይዞ ከመኪና ስር ወጣ።

«ቶርኖ? የሰው ስም ነው?»

«እዚህ ይሠራል ተብለን ነው» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እዚህ ከእኔ በቀር የሚሠራ የለም። ፈቃዴም ለአንድ ሰው ነው።»

ከጀርባው ሚስማር ላይ አንድ ሰማያዊ ቱታ ተሰቅሏል። ደረቱ ላይ በቀይ ቀለም «ቶርኖ» ይላል፤ ፊደሉ ከመጋዙ እጀታ ላይ ካለው ጋር አንድ እጅ ነው። ሳጅኑ በጣቱ አሳየ።

ባለ ጋራዡ ዞሮ አየው፤ አልደነገጠም። «እሱ የማሽኑ ቱታ ነው» አለ።

መኪናቸው ውስጥ ሳጅኑ እስኪያለቅስ ሳቀ። ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። ሰውዬው ቢያምንስ ምን ይጠቅማል? ፒን ለመቁረጥ አንድ የተለየ ምሽት አያስፈልግም፤ ማንም በማንኛውም ቀን ግማሽ አድርሶት መሄድ ይችላል። ቶርኖ የት እንደነበረ ማወቅ ቶርኖን አያስወጣውም። የሚያስወጣው ነገር ካለ በራሱ ብረቱ ላይ ነው መገኘት ያለበት።

«መጋዝ ጥርስ አለው» አለ በመጨረሻ። «ጥርስ ምልክት ይተዋል። አይተሃል?»

«እኔ በዕድሜዬ መነጽር ያስፈልገኛል፣ ጌታዬ።»

«እኔም አላየሁም። መልሰኝ ወደ ዶክተሯ።»

*

ዶክተሯ የተሰበረውን ግማሽ አጉሊ መነጽሩ ስር አስቀመጠችና ለረዥም ጊዜ እያገላበጠች አየችው። ኢንስፔክተሩ ሲጠብቅ ክፍሉን ማየት ጀመረ። የበሩ መቀርቀሪያ የሚያብረቀርቅ ክብ ብረት ነው። ጋዋን የሚሰቀልበት ማንጠልጠያም እንደዚያው። የመጋረጃው ዘንግ፣ የመደርደሪያው ድጋፍ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሁሉም ጫፍ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። በዚህ ቤት ያለው ነገር ሁሉ ተፈትኖ ባለፈ ብረት ላይ ነው የተንጠለጠለው።

«ይህንን ማነው ያስገባው?» አለች ዶክተሯ ዓይኗን ሳታነሳ።

«ምን አዩ?»

«የቶርኖ ፒን አይደለም። የራሳችን ናሙና ነው።»

«አውቃለሁ። መጋዝስ?»

«መጋዝ የለም።» ተነሳችለት። «ይዩት።»

ኢንስፔክተሩ ጎንበስ አለ። ከስብራቱ አጠገብ፣ ገና ያልተለያየው ብረት ውስጥ፣ ጥቁር መስመር ወደ ታች ይሄዳል፤ ይከፈላል፣ እንደገና ይከፈላል፣ እንደ ዛፍ ሥር እየቀጠነ ይጠፋል።

«የፈተናው ስንጥቅ ነው» አለች። «ጨው ውስጥ ተሰቅሎ ሳለ ነው የተጀመረው። እኛ ጊዜው ሲሞላ ስላልተሰበረ አወረድነው፤ አልፏል ብለን ጻፍንለት። ከዚያ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ጨው እየተፋ ከሚፈላው ውሃ በላይ፣ ክብደት አሸክመን ሰቀልነው። ፈተናውን አስቀጠልንለት።» እጇን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች፤ አወጣች፤ መልሳ ከተተች። «ፈተናው አልተሰበረም ነው የሚለው። አልቆሰለም አይልም። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ጋዋኔን የሰቀልኩትም በዚያው ብረት ነው።»

«ሟቹ ይህንን አያውቅም ነበር?»

«ያውቃል። ሁላችንም እናውቃለን። ግን ያልተሰበረውን ስናይ ደስ ይለን ነበር። ሁልጊዜ ሲሰበር የሚያይ ሰው የተረፈውን ይወዳል።»

ኢንስፔክተሩ ወደ ውዳቂ ብረት ሳጥኑ ሄዶ ከታች ፈልጎ ሌላውን ፒን አወጣ። የቶርኖ ነው። በላዩ ትንሽ ዝጓል፤ ሌላ ምንም የለበትም። ዶክተሯ ለካችው፣ አገላበጠችው፣ ከመነጽሩ ስር አየችው።

«ቆንጆ ሥራ ነው» አለች። 

በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ነበረች፤ በፋሻ በታሰረው ክንዷ የውሃ ጀሪካን አቅፋለች። አባቷን ቀብራ መጥታ የቀሩትን ማሽኖች ውሃ ልትሞላ ነው። የተሰቀለ ብረት ከደረቀ ፈተናው ይበላሻል።

«ምን አገኛችሁ?»

ዶክተሯ በእጇ አጉሊ መነጽሩን ሸፈነች። አንድ ሕፃን እንኳ የሚገባው እንቅስቃሴ ነበር።

«ልየው» አለች ልጅቷ።

ኢንስፔክተሩ አይሆንም ለማለት አፉን ከፈተ። ምን ብሎ? ምንም ብትባል ከሁለቱም በተሻለ የምታነበው እሷ ናት። ዶክተሯ እጇን አነሳች።

ልጅቷ ጀሪካኑን አስቀምጣ ጎንበስ አለች። ስትናገር ቃሏ እንደ ሁልጊዜው የሥራ ቃል ነበር፤ ለአባቷ ሪፖርት የምታደርግ ይመስል። «ከውጭው ፊት ነው የተነሳው። ቅርንጫፍ አለው። ውስጡ ቡኒ ነው... አሮጌ ነው።» በክንዷ ጠርዝ ናሙናውን ገፋ አድርጋ ጫፉ ላይ የተቀረፀውን ቁጥር አነበበች።  የምታየው እንዳለቀ ያስታውቃል፤ ዓይኗን ግን ከመነጽሩ ላይ አላነሳችም።

«መጋዝ የለም» አለች።

«የለም» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ቶርኖን ልቀቁት።»

*

አለቃው ነገሩን ሰምቶ ሲያበቃ ወንበሩን አሽከረከረ። «ገዳይ ከሌለ ዝጋዋ! ምን ታስጨንቀኛለህ?»

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሩ ወደ ጣቢያ ሲገባ ልጅቷ በረንዳው ላይ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ የልብስ ቦርሳ አለ። ሳጅኑ አጠገቧ ቆሞ ኮፍያውን በእጁ ያዟዙራል።

«ከመንጋቱ ነው የመጣችው» አለ ሳጅኑ። «አስገቡኝ ትላለች።»

ኢንስፔክተሩ አጠገቧ ተቀመጠ። «የሠራሽው ወንጀል አይደለም።»

«አባቴ ሞቷል።»

«አዎ።»

«ፒኑን ያስገባሁት እኔ ነኝ።»

«አዎ።»

«ታዲያ?»

«ቤተ ሙከራው በሙሉ እንደዚያ ነው የሚሠራው። አንቺ ብቻ አይደለሽም። ዶክተሯም፣ አባትሽም...»

«አባቴ ነው ያስተማረኝ ልበል? እናቴን እንደዚያ ልበላት? ቀብሬው መጥቼ፣ ራሱ ነው ያጠፋው ልበላት?»

ኢንስፔክተሩ ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ አየ።

«ማነው ብላ ስትጠይቀኝ አደረች። ገና ነው አልኳት። ዛሬም ትጠይቀኛለች።» ቦርሳውን ወደ ደረቷ ሳበች። «የገደለውን አገኘዋለሁ ብለውኝ ነበር። አገኙት። ለምን አይዙኝም?»

ቶርኖ የጫማውን ማሰሪያ በእጁ እንደያዘ ከውስጥ ወጣ። ሳጅኑ ሁሉንም ነግሮታል። ጢሙ አድጓል፣ ሸሚዙ ተጨማዷል። ልጅቷን ሲያያት ቆመ። ያ ሁሉ ምላስ እያለው ምን እንደሚላት ጨነቀው።

«ይቅርታ አድርግልኝ» አለችው ቀና ሳትል። «ያንተ ፒን ጤነኛ ነበር።»

«ማን? የእኔ?» ቶርኖ በግድ ሳቀ። «ምን ጤነኛ ነበር! በችኮላ ነው የጨረስኩት። ጭረት በጭረት ነበር። ያንን ብታስገቢው ኖሮ ከዚያም ቀድሞ ነበር የሚወድቀው። ሙች!»

ሳጅኑ ወደ መሬት አየ። 

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። «ጭረት የለበትም፣ ጋሼ። ከመጣሌ በፊትም አይቼዋለሁ። ያን ጊዜም አላገኘሁበትም።»

ቶርኖ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ማሰሪያውን ወደ ጫማው ቀዳዳ ማስገባት ጀመረ፤ ጣቶቹ እምቢ አሉት፣ ተወው። ነፃ ሰው ነበር፤ ግን አልሄደም።

ሰዎች ጉዳያቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። አንዲት ሴት የጠፋባትን ላም ልታስመዘግብ ገብታ፣ አግዳሚው ላይ ቦታ ስታጣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ልጅቷ ቦርሳውን ከጭኗ ወደ እግሯ ስር አወረደች፤ የሚቆይ ሰው እንደሚያደርገው።

ሳጅኑ ኮፍያውን አጠለቀና ኢንስፔክተሩን አየው። ወደ ውስጥ ላስገባት ወይስ ወደ ቤቷ ልሸኛት? ብሎ የሚጠይቅ ዓይን ነበር። ኢንስፔክተሩ ቢፈልግ ቢፈልግ የሚሰጠው ትእዛዝ አጣ።